ወደ ጥድ በር የሚሄድ መኪና

ንጋቷ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ነጂ የሌለው ጋሪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። አትጠራውም። መቼ እንደምትወጣ እሱ ራሱ ያውቃል፤ አንዳንድ ቀን ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላታል። ገብታ ስትቀመጥ መስኮቶቹ ይጨልሙና ወዲያው ባሕር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሆናሉ። ጋሪው መንቀሳቀሱ ሳይታወቃት ሥራ ቦታዋ ደጃፍ ላይ ያወርዳታል። ከቤቷ እስከ ሥራዋ ባለው መንገድ ላይ ምን እንዳለ አታውቅም። ማንም አያውቅም። ሰዎች ሰፈራቸውን ሲጠየቁ የሚመልሱት በደቂቃ ነው፤ አንዱ “አሥር ደቂቃ ነኝ” ይላል፣ ሌላው “እኔ እንኳ ሩቅ ነኝ፣ ሃያ አምስት” ይላል። ኮተቤ፣ ሾላ፣ ጉለሌ የሚባሉት ስሞች የቀሩት በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ነበር።

“ጋሪ” የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው አይታወቅም። በፈረስ የሚጎተተውን ጋሪ ያዩ ሰዎች እያለቁ ስለነበር ስሙ ማንንም አያስቅም።

ንጋቷ ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው፤ ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። አብዛኛውን ጥርስ የሚሠራው ማሽን ነው፤ ወደ እሷ የሚመጣው ማሽኑ “ከመደበኛው ውጭ” ብሎ የሚመልሰው አፍ ነው፤ በአደጋ የተጣመመ መንጋጋ፣ ከልክ በላይ የጠበበ ላንቃ። በላስቲክ ልኩን ትወስዳለች፣ በሰም ትቀርፃለች፣ በፕላስቲክ ታፈሳለች። ሥራዋን ትወደዋለች።

አንዲት ታላቅ እህት አለቻት፤ ብርነሽ ትባላለች። የምትኖረው ተወልደው ባደጉበት በጥድ በር ነው። ጥድ በር ከደብረ ሲና በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጋሪዎቹን በሚመራው መስመር ዘንድ ግን የለችም። ተሳፋሪዋ አነሰ ተብሎ ከመድረሻዎች ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። ማንም አልዘጋትም፣ ማንም አላፈረሳትም። ጋሪ መሄድ አቆመ፣ ያ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሰው ጋሪ ቀረ፣ ቀጥሎ የእህል ጋሪ፣ በመጨረሻ የጤና ጋሪ። መውጣት ለሚፈልግ የመጨረሻ ጋሪ ተላከ። የወጣ ሰው አዲስ መድረሻ ይሰጠዋል፤ የድሮ አድራሻው ይሰረዛል። አብዛኛው ሰው ወጣ። ብርነሽ አልወጣችም።

እህትማማቾቹ የሚገናኙት በስልክ ነው። ብርነሽ ፀሐይ በበረታበት ቀን ስልኳን በፀሐይ ሞልታ፣ ኔትዎርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ትወጣና ትደውላለች፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ወገቧ ታወራለች። አንድ ቀን በወሬ መሃል ጉብታው ላይ ያወጣቻት ጎረቤቷ ጠጂቱ መሆኗን ተናገረች። ንጋቷ ለምን ሰው ማውጣት እንዳስፈለገ ጠየቀቻት። ብርነሽ ወሬውን ወደ ገብሱ ልትመልሰው ሞከረች፤ ንጋቷ አልለቀቀቻትም። በመጨረሻ ብርነሽ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር እንደገባ፣ አሁን የምታየው ብርሃንና ጥላ ብቻ እንደሆነ አወጣች። ከገባ ስንት ጊዜው እንደሆነ ስትጠየቅ ቆየት ብሏል አለች።

የዓይን ሞራ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ንጋቷ በበቅሎም ቢሆን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እንድትወጣ፣ ከዚያ ጋሪ እንደምትልክላት ለመነቻት። ብርነሽ ግን፣

“ከወጣሁ ማን ይመልሰኛል?” አለቻት።



በማግስቱ ንጋቷ ጋሪው ውስጥ ገብታ “ጥድ በር” አለች። ጋሪው በትሕትና ይቅርታ ጠየቀና የጥድ ዕቃ የሚሸጥ የቤት ዕቃ መደብር በስምንት ደቂቃ ውስጥ እንዳለ፣ እዚያ ይወስዳት እንደሆነ ጠየቃት። በእግሯ እንዳትሄድ ከዋናው መንገድ በኋላ የአንድ ሙሉ ቀን ዳገትና ቁልቁለት አለ፤ ጉልበቷ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። በዚያ ሳምንት ነው ጓሮዋ ውስጥ ስላለው መኪና ማሰብ የጀመረችው።

መኪናው የአባታቸው፣ የጤና ረዳት የነበሩት የድሬሰር ፈለቀ ቮልስዋገን ነበር። ድሬሰሩ ከሌላ ሰው በአሮጌነቱ የገዙት ነው፤ አሁን መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ንጋቷን ለትምህርት ከጥድ በር ያመጣት እሱ ነው። አባቷ ካረፉ በኋላ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ቆሞ ቀረ። ድመቶች ወለዱበት፣ ሐረግ በመስኮቱ ገባበት፣ ሰማያዊ የነበረው ቀለም አመድ መሰለ። ለዓመታት በአጠገቡ ስታልፍ አላየችውም ማለት ይቻላል።

የሚጠግን ሰው ፈልጋ ያገኘቻቸው ጋሽ ይርዳውን ነው። በወጣትነታቸው የደሴን መስመር በጭነት መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ልጃቸው ቤት ቁጭ ብለው ቀኑን በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ። ሲመጡ መኪናውን አልነኩትም። ዞሩት፣ እንደገና ዞሩት፣ ከዚያ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

“ይነሳል” አሉ። “እኔ ግን ጎንበስ ማለት አልችልም። እጅሽን ታውሺኛለሽ።”

ክረምቱን እንደዚያ አሳለፉት። ቅዳሜና እሑድ እሳቸው ባልዲው ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እሷ ትፈታለች። ሞተሩ ተጣብቆ ነበር፤ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ዘይት አፍስሳ ትታው ሄደች፣ በሳምንቱ መጥታ በቁልፍ ስትገፋው እንደ መቃተት ያለ ድምፅ አሰምቶ ዞረ። ላስቲክ የነበረው ነገር ሁሉ በጣቷ ስትነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የሚገዛ መለዋወጫ የለም። የፍሬኑን ጎሚኒ የመንጋጋ ልክ በምትወስድበት ላስቲክ አወጣችው። መብራት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክዳን ተሰንጥቆ ነበርና እሱንም ለጥርስ መቀመጫ በምትጠቀምበት ፕላስቲክ አፈሰሰችው፤ የነበራት ቀለም አንድ ብቻ ስለነበር ክዳኑ የድድ ቀለም ሆኖ ወጣ። ጋሽ ይርዳው አገላብጠው አዩትና በሕይወታቸው ብዙ ሞተር እንዳዩ፣ ድድ ያለው ግን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ተናገሩ። ጎማዎቹን ከተጣለ የእህል ጋሪ ላይ ፈቱ። ቤንዚን የሚሸጥ ማንም ስላልነበረ ላቦራቶሪዋ የሚጠቀምበትን አልኮል በጀሪካን ገዛች፤ ካርቡራተሩን ለዚያ እንዲመች አሰፉት። መኪናው አረቄ አረቄ መሽተት ጀመረ።

መስከረም ላይ ተነሳ። ድምፁ ግቢውን ሲሞላው ጎረቤቶች በየበራቸው ወጡ። አንዲት ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ የታመመ ነገር እንዳለ ጠየቀች። ንጋቷ መኪና ነው ስትላት ሴትየዋ አመነቻት፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

መንዳት የተማረችው አሮጌ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ነው። ፍሪሲዮንና ማርሽ ብዙም አላስቸገሯት፤ እጇ ሥራ የለመደ ነው። ያስቸገራት ሌላ ነገር ነው። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እሷ ካልጠመዘዘችው አይጠመዘዝም፤ ግድግዳ ካለ ግድግዳው ጋ ይሄዳል። ይህን በአእምሮዋ ታውቀዋለች፤ ሰውነቷ ግን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። መጀመሪያ አካባቢ መሪውን ይዛ ትጠብቅ ነበር። ጋሽ ይርዳው ምን እንደምትጠብቅ ይጠይቋታል፤ ምንም ትላለች።

ለቅርስ መኪና የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ በዋናው የጋሪ መንገድ ላይ እስካልወጣ ድረስ በአሮጌዎቹ መንገዶች መሄድ ይችላል። ፈቃዱን አወጣች። ጋሽ ይርዳው አብረዋት እንደሚሄዱ ማንም ሳይጠይቃቸው ወሰኑ። ልጃቸው ተቃወመች፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡና ውይይቱ በዚያ አበቃ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ተነሡ። አሮጌው መንገድ የጋሪውን መንገድ ጎን ለጎን ይከተላል፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። ጋሪዎቹ መስኮታቸው ጠቁሮ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፏቸዋል። ንጋቷ መስኮቷን አወረደች። መንገድ ዳር ሰው እንዳለ የዚያን ቀን አየች። ብዙ ሰው አለ። እህል የሚያጭዱ አሉ፣ እንጨት የተሸከሙ አሉ፣ ቤቶች አሉ፣ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አለ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፈች ለማስታወስ ሞከረች፤ ደብረ ብርሃን ለሥራ በየወሩ ትሄዳለች። ሁልጊዜም ያለፈችው በባሕር ዳርቻ ነበር።

ሰዎቹ ቀና እያሉ ያዩዋታል። አንዳንዱ እጁን ያነሣል፣ እሷም ታነሣለች። ጋሽ ይርዳው ድሮ ለሁሉም እጅ ቢነሣ መሪ የሚይዝ እጅ እንደማይተርፍ ነገሯት፤ ሆኖም እሳቸውም በእሳቸው በኩል እጃቸውን እያነሡ ነበር።

ከደብረ ብርሃን አለፍ ብለው ምሳ ለመብላት ቆሙ። ሲጨርሱ መኪናው አልነሣ አለ፤ ብርዱ አልኮሉን እንዳይቃጠል አድርጎት ነበር። ንጋቷ ደጋግማ ሞከረች፤ ባትሪው ደከመ። ማሳ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጡ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሽታውን ሲሰሙ ጠጥተው እንደሆነ ተጠራጠሩ። ጋሽ ይርዳው ያስረዷቸው ጀመር። በመሃል በንጋቷ ዕድሜ የምትሆን፣ ማጭድ የያዘች ሴት ወደ መስኮቱ ቀረበችና ትክ ብላ አየቻት።

“ከሩቅ ፊትሽን አየሁት” አለች። “መኪና ውስጥ የሰው ፊት ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። እኛስ እንታያለን ወይ እያልን ነበር።”

ንጋቷ አዎ፣ ትታያላችሁ ለማለት ፈለገች፤ ያ ግን እውነት የሆነው ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ነው። “አሁን አየኋችሁ” አለች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ከሌሎቹ ጋር መኪናውን መግፋት ጀመረች። ቁልቁለቷ ላይ ሲደርስ ተነሣ።

መንታ መንገዱ ላይ ጋሽ ይርዳው በእርግጠኝነት ወደ ግራ አሉ። ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ወንዝ ላይ ደረሱ፤ ድልድዩ የለም፤ ከወዲህና ከወዲያ የቀሩት የድንጋይ እግሮቹ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ወርደው ጫፉ ላይ ቆሙ። ንጋቷ ከመኪናው አልወረደችም። ሲመለሱ እዚያ ድልድይ ላይ ተቀምጠው ምሳ በልተው እንደሚያውቁ፣ ረዳታቸውም ከዚያ ሆኖ ጫማውን ወንዝ ውስጥ እንደጣለ አወሩላት። በስተቀኝ ያለውን መንገድ ያዙ።

ጥድ በር ከላይ ስትታይ ፀሐይ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ንጋቷ መኪናውን አቆመችና አየች። የምታውቀው ከተማ ቤቶቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ቆርቆሯቸው የሚያብለጨልጭ ነበር። አሁን ቆርቆሮ የለም፤ የሄዱት ሰዎች ወይም ሌሎች ነቅለው ወስደውታል። ግድግዳዎቹ በየክረምቱ ዝናብ እየሟሙ ወገባቸው ድረስ ወርደዋል። በአንዳንዱ ቤት ውስጥ ዛፍ በቅሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። ከሩቅ ጭስ የሚወጣባቸው ጥቂት ጎጆዎች አሉ። ማርሹን ቀንሳ፣ ሞተሩ እየያዘላት፣ ቀስ ብላ ወረደች።

ብርነሽ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ደጅ ወጥታ ቆማ ነበር፤ ጠጂቱ ክንዷን ይዛታለች። መኪናው ሲቆም ብርነሽ እጇን ዘርግታ መጣች፤ መጀመሪያ የነካችው እህቷን ሳይሆን የመኪናውን ጭቃ መከላከያ ነው። ዳበሰችው፣ መብራቱን ዳበሰች።

“የአባባ ናት” አለች። ከዚያ ወደ ንጋቷ ዞረች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው። ተላቀሱ፤ ጋሽ ይርዳው ሞተሩን የሚያዩ መስለው ወደ ኋላ ሄዱ።

ያን ምሽት ብርነሽ ብዙ አወራች። ስትገቢ የእነ ወርቅአፈራሁን ቤት አየሽው ወይ አለቻት፤ ሊሄዱ ሲሉ በረንዳውን አሳድሰውት ነበር፣ ቆልፈው ነው የሄዱት፣ ልጁ አንድ ቀን ይመለሳል። የመምህሯ ቤትስ፣ ሰማያዊ በር ያለው፤ ዝናብ ሲመጣ በጣራው ላይ ሲወርድ እዚህ ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል አለች። ንጋቷ ጠጂቱን አየቻት። ጠጂቱ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ብርነሽ ከግቢዋና ከጉብታዋ ውጭ ከሄደች ቆይታለች፤ ሰው መሄዱን ታውቃለች፤ ቤቶቹ ግን በጭንቅላቷ ውስጥ ተቆልፈው፣ ቆርቆሯቸው እያብለጨለጨ ቆመዋል። ማንም አልዋሻትም። እሷ አልጠየቀችም፣ እነሱም አልነገሯትም። ንጋቷም የዚያን ምሽት አየሁ አለች፤ ምን እንዳየች አልጨመረችም።

ጥቂት ቀን ተቀመጡ። ስለ መሄድ መጀመሪያ ያነሣችው ራሷ ብርነሽ ናት፤ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

“መሄዱን ጠልቼው አይደለም” አለች። “ያ ጋሪ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሲገባ አየሁ። አንድም የተመለሰ የለም። ሊመልሳቸው እንዳልመጣ ገባኝ። ይቺ መኪና ግን የመጣችበትን ታውቃለች።”

“ምንም አታውቅም” አለች ንጋቷ። “የማውቀው እኔ ነኝ።”

“እሱ ይሻላል። ትመልሺኛለሽ?”

“እመልስሻለሁ።”

ብርነሽ ቁልፏን ለጠጂቱ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ኋላ ወንበር ላይ ገባች። መንገዱን በሙሉ ነቅታ፣ መስኮቱን አስወርዳ፣ የሚያልፉትን ነገር በሽታና በድምፅ እየለየች ሄደች።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆነው ሁሉ ቀላል ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኗን ሠራ፤ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ፊት ነው፤ አርጅተሻል አለቻት። ከዚያ መስኮት ላይ ቆማ ስታይ ዋለች። አንድ ቀን ብቻ በጋሪ ተሳፈረች። መስኮቶቹ ሲጨልሙ ተቆጣች፤ ጋሪውን ሰው እንደምታናግር አድርጋ፣ “ዓይኔን ትናንት ነው ያበራሁት፣ ዛሬ ትጋርድብኛለህ?” አለችው። ጋሪው ይቅርታ ጠይቆ ደኑን በባሕር ለወጠው። ሁለተኛ አልገባችም።

ሐኪሙ መንገድ ሲፈቅድላት ለመመለስ ተነሡ። ጋሽ ይርዳው አልሄዱም፤ ብርዱ ደረታቸውን ይዞት ነበር። ከአልጋቸው ሆነው በስተቀኝ ያለውን መንገድ እንድትይዝ ደጋግመው አስጠነቀቋት፣ መጀመሪያም ያሉት እሱን እንደሆነ አድርገው።

በመንገድ ላይ ብርነሽ ደስተኛ ነበረች። የገብሱን ቀለም፣ የበጎቹን ዓይነት ትናገራለች፤ ለመንገደኛ ሁሉ እጇን ታነሣለች። ንጋቷ ግን የቤቶቹን ነገር ልትነግራት አስባ ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ አስባ ነበር፣ ቤት ውስጥም፣ ጠዋት ሲነሡም። ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ “እትዬ፣ ከተማው እኮ…” ብላ ጀመረች። ብርነሽ አውቃለሁ አለች፤ ሰው የለበትም፣ ቤት ግን ሰው ይጠብቃል አለች። ንጋቷ መሪውን አጥብቃ ያዘች።

ከተማዋ ከላይ የምትታይበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብርነሽ ራሷ አቁሚ አለች። ወርዳ ጫፉ ድረስ ሄደች። ንጋቷ የእጅ ፍሬኑን ስባ ተከተለቻት፤ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

ብርነሽ ለረጅም ጊዜ አየች። ነፋሱ ነጠላዋን ይጎትታል። ዓይኗን በመዳፏ ጋርዳ አየች፣ ከዚያ እጇን አወረደችና ደግሞ አየች።

“የእነ ወርቅአፈራሁ የቱ ነው?”

ንጋቷ ጠቆመቻት። ዛፍ በመሃሉ የበቀለበት ግድግዳ ነበር።

“በረንዳው የለም” አለች ብርነሽ።

“የለም።”

“ባለፈው ስትመጪም እንዲህ ነበር?”

“አዎ።”

“ያን ሁሉ ስነግርሽ አየሁ አልሽኝ።”

ብርነሽ መልስ አልጠበቀችም። ከረድፉ አንዱን ጫፍ ይዛ በየተራ ማየት ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ላይ ዓይኗ ትንሽ ይቆያል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሰዎቹን ስም እየጠራች ነበር። አንዳንዱን ከየት ጀምሮ የት ድረስ እንደነበር ለመለየት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሰማያዊ በር የነበረበት ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እሱን አላገኘችውም። እንባዋ ወረደ፤ ሐኪሙ እንዳትነካው ያላትን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ንጋቷ ቀረብ ብላ፣ ከፈለገች መመለስ እንደሚችሉ፣ ቤቷ ያለው ክፍል የብርነሽ እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ሊዞሩ እንደሚችሉ ነገረቻት። ብርነሽ ሰማቻት። ወደ መኪናው ዞር ብላ አየችው፣ ከዚያም የመጡበትን መንገድ አየች፤ መንገዱ በጥቅጥቅ ገብስ መሃል እየተጠማዘዘ እስከ ሩቅ ይታያል። ለመወሰን ጊዜ ወሰደች፤ ንጋቷ አላጣደፈቻትም።

ከታች፣ ከጥቂቶቹ ጎጆዎች አንዱ ላይ ቀጭን ጭስ መውጣት ጀመረ።

“ያ የጠጂቱ ነው?” አለች ብርነሽ።

“የጠጂቱ ነው።”

“በዚህ ሰዓት እሳት ያነደደችው በርዷት ይሆናል። ብቻዋን ናት እኮ።” ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች፣ አሁን ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ በሩንም ራሷ ዘጋችው።

“ንጂ” አለች።